ዝም ካለ ልክ ነው

እኛ ቤት ደንበኛ በስሙ አይጠራም፤ በሥራው ነው የሚጠራው። ስልክ አንስቼ «አባባ፣ ዳቦ ቤቱ ነው» ካልኩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጫማው አለ፣ ሚስማሩ አለ፣ መነጽሩ አለ። ሰዎቹም ለምደውት ሲደውሉ ራሳቸው «ሚስማሩ ነኝ» ይላሉ። ከሁሉም የተከበሩት ግን እትዬ መድኃኒት ነበሩ። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው የመድኃኒት ቤት የእሳቸው ነው፤ ወይም ነበር። አባባ ለሌላው ደንበኛ እየበላም እየተኛም ስልክ ያነሳል፤ እሳቸው ሲደውሉ ግን ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

አባባ ለሱቆች የሚሆን ሶፍትዌር ሠርቶ ይሸጥ ነበር፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ሊያልቅ ነው የሚለውን የሚይዝ። መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ነበር። የአባባ ጣጣ ግን እምቢ ማለት አለማወቁ ነው። የዳቦ ቤቱ ሚስት «ባሌ ምሳውን ሳይበላ ይውላል» ብላ ብታማርርለት፣ የዳቦ ቤቱን ኮምፒውተር በምሳ ሰዓት ራሱን እንዲቆልፍ አደረገው። ሚስማሩ ዕቃውን በእፍኝ ስለሚሸጥ «እፍኝ» የሚባል መለኪያ ገባለት፤ እፍኙ የተለካው በባለሱቁ መዳፍ ስለሆነ ሚስቱ ሱቅ የቆመች ቀን ሂሳቡ አይገጥምም። ለጫማው ደግሞ አንድ እግር ብቻ የቀረ ጫማ ሲኖር መስመሩ ቀይ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ የየሱቁ ሶፍትዌር የየራሱን መልክ ያዘ። አባባ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይውላል፤ አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሽበታል። እኔ ደግሞ ምድር ቤት ባለችው ቢሯችን ተቀምጬ ስልክ እያነሳሁ ስድቡን እቀበላለሁ።

ከዚያ ወንድሜ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ በምላስ ግን አይተናነስም። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ሥራውን ለቀቀና ላፕቶፑን አቅፎ ከፊቴ ተቀመጠ። «ይኼ የአባባ ነገር በዚህ ዓይነት አይዘልቅም» አለ። «ወደ ክላውድ ነው የምንወስደው።» ሐሳቡ ይኼ ነው፤ ሶፍትዌሩ በየሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጡ ይቀራል። አንድ ብቻ ይሆንና ትልልቅ ማሽኖች ባሉበት ሩቅ ቦታ ይቀመጣል። ባለሱቁ በኢንተርኔት ገብቶ ይጠቀምበታል፣ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል፣ የተበላሸ ነገር ካለ ወንድሜ እዚህ ወንበሩ ላይ ሆኖ ለሁሉም በአንዴ ያስተካክላል። ቀን ከሌት ስለ ክላውድ ሲያወራ እኔ ስሙን «ደመናው» ብዬ አወጣሁለት። ሚስማሩ በበኩሉ «ዝናብ የጣለ ቀን ዕቃችን ይወርዳል ማለት ነው?» ብሎ ቢቀልድ፣ ወንድሜ ቀልዱን ትቶ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳው አረፈደ። ሚስማሩ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሲያነሳ ያዛጋል።

ልጁን አላማም። ልክ ነበር። የጫማው ኮምፒውተር በተሰረቀ ጊዜ የስንት ዘመን ሂሳቡ አብሮ ሄዶ ሰውየው ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያየሁት እኔ ነኝ። ወደ ክላውድ ከተዛወርን በኋላ ግን የዳቦ ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ ውሃ በውሃ ሲሆን፣ ሰውየው በማግስቱ ከሚስቱ ስልክ ላይ ገብቶ ሥራውን ቀጠለ። አንዲት ቁጥር አልጠፋችበትም። የወንድሜ ኩራት እሱ ነበር፤ «አንዲት ቁጥር አትጠፋም» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሶፍትዌር ለሁሉም ከሆነ የዳቦ ቤቱ ምሳ፣ የሚስማሩ እፍኝ፣ የጫማው ቀይ መስመር መቅረታቸው ነው። አባባ ስለ እያንዳንዷ ተሟገተ። ወንድሜም ጆሮ ዳባ ልበስ አላለም፤ ቁጭ ብሎ ሰማና «አባባ፣ የተከራየ ሰው እኮ ግድግዳ አያፈርስም። ለአንዱ ስል ሁሉንም መነካካት አልችልም» አለው። ለደንበኞቹ ደግሞ ጥያቄ በተነ፤ ምን ይቅር፣ ምን ይጨመር ብሎ። ብዙዎቹ «ጩኸቱን አጥፉልን» አሉ፤ የአባባ ሶፍትዌር በየምክንያቱ ጢው ጢው የሚል ነገር ስለነበረበት። ወንድሜም ድምፅ የተባለን ነገር ሁሉ አስወጣና በቦታው ቢጫ ምልክት አደረገበት፤ ስህተት ሲኖር ጥግ ላይ ብቅ የምትል። የሚያምር ጸጥ ያለ ገጽ ሆነ። እኔም ወደድኩት። የዳቦ ቤቱ ሚስት ብቻ ደውላ፣ የባሏ የምሳ ሰዓት መቆለፊያ ለምን ቀረ ብላ ወረደችብኝ።

አባባ በመጨረሻ ሁሉንም እሺ አለ፤ ከአንድ በቀር።

«እትዬ መድኃኒትን ተዋት» አለ።

«ለምን?»

«ተዋት አልኩህ።»

«አባባ፣ ምክንያቱን ንገረኝና እተዋለሁ።»

«ቃል አለብኝ።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ነገሩን በሌላ ነበር የተረጎምኩት። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፣ እትዬ መድኃኒትም ባላቸው የሉም፣ ከአባባ ጋር ከልጅነታቸው አንድ ክፍል ነው የተማሩት። አሮጌው ኮምፒውተር እስካለ ድረስ አባባ በየሳምንቱ «ላየው» ብሎ የሚሄድበት ሰበብ አለው። ሸሚዝ ቀይሮ ነው የሚሄደው። ወንድሜም እንደኔ መስሎት «እሺ፣ እሳቸውን መጨረሻ ላይ አደርጋቸዋለሁ» አለ። አባባ «መጨረሻ ላይም ቢሆን እኔ አብሬህ ሳልሄድ አትነካትም፤ ኪራይም ከሷ አትወስድም» አለው። ተስማሙ።

እንግዲህ ሰው ሲያስብ እንዲህ ነው፤ አባባ አምፖል ልቀይር ብሎ ከወንበር ላይ ወደቀ። እግሩ በጀሶ ታስሮ ፎቅ ላይ ባለው መኝታ ክፍሉ ተጋደመ፤ የሕመም ማስታገሻው እያስተኛው ቀኑንም ሌቱንም አይለይም ነበር። በዚያው ሰሞን የእትዬ መድኃኒት ኮምፒውተር ማቃሰት ጀመረ። ደወሉ። «አባትሽን አታስቸግሪው፣ ይተኛ። ግን ይኼ ዕቃ ሊሞትብኝ ነው፤ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቆሞብኛል» አሉ። ወንድሜ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ምን ያድርግ? ኮምፒውተሩ በእጁ ላይ ነፍሱ ልትወጣ ነው፣ ከሁሉም የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ መድኃኒት ቤት ደግሞ ተዘግቶ አይውልም። አባባን መቀስቀስ ጨካኝነት መሰለው።

በአንድ ጠዋት ጨረሰ። መረጃውን በሙሉ አዛወረ፣ አዲስ ኮምፒውተር ተከለላቸው፣ ፊደሉ በፊት ትልልቅ እንደነበር አይቶ «አሮጊት ናቸው» ብሎ አዲሱም ላይ አተለቀላቸው። አሮጌውን እንደ ሌሎቹ ሁሉ አጸዳው፤ ሁለት ቦታ እየሠሩ እንዳይምታታ ሁሌም የምናደርገው ነው። ሊወጣ ሲል እትዬ መድኃኒት «ልክ እንደ በፊቱ ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁት።

«ልክ እንደ በፊቱ፣ እትዬ። ምንም አይቀየርብዎትም።»

ለሁሉም የሚላት ነገር ናት። ስንቱን በሷ አጽናንቷል መሰላችሁ።

ጥቂት ቀን ቆይተው እትዬ መድኃኒት ደወሉ። ድምፃቸው የሰርግ ድምፅ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ ተባረክ በይልኝ! ከቀየረልኝ ወዲህ አንዴም አልተሳሳትኩም። አንዴም! እጄ ተመለሰልኝ መሰለኝ። ትናንት ሱቄን ዘግቼ ታክሲ አልያዝኩም፣ በእግሬ ነው የሄድኩት። እየዘፈንኩ፣ አትስቂብኝ።»

አልሳቅኩም፤ ደስ አለኝ። ከስንት የስድብ ስልክ መሃል እንዲህ ያለ ሲመጣ ለካ ሆድ ያባባል። ለወንድሜ ስነግረው ከወንበሩ ዘለለ። በድረ ገጻችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደንበኞች ያሉትን የምናወጣበት ቦታ አለ፤ እስከዚያ ቀን የነበረው «ጥሩ ነው» የምትለው የሚስማሩ ቃል ብቻ ነበረች። መልሼ ደውዬ ብናወጣው ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ስሜን ካልጻፋችሁ ይሁን» ብለው ሳቁ። ወንድሜም በደማቁ ጻፈው፤ «ከቀየርኩ ወዲህ አንዴም አልተሳሳትኩም። — የመድኃኒት ቤት ባለቤት።»

አባባ ከተኛበት ነቃ ነቃ ሲል የመጀመሪያ ሥራው ስልኩን አንስቶ ድረ ገጻችንን ማየት ሆነ። ሾርባ ይዤለት ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣራ ጣራውን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል። አመመህ ወይ አልኩት።

«ወንድምሽን ጥሪልኝ» አለ።

ወንድሜ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ፤ የሚመሰገን መስሎት ፊቱ በርቷል። አባባ ስልኩን ወደ እሱ ዘረጋ።

«የእትዬ መድኃኒትን ቀይረሃል?»

«ኮምፒውተሩ ሞተባቸው አባባ። አንተ ተኝተህ ነበር። ግን አየኸው ያሉትን? አንዲት ቁጥር ሳትጠፋ ነው ያዛወርኩላቸው።»

«ደወሉስ?»

«የምን ደወል?»

አባባ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቃሉን አፈረሰ። እትዬ መድኃኒት ዓይናቸው እየሄደ ነበር። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ መሃሉን ግን ጭጋግ ይሸፍነዋል፣ እሱም እየሰፋ ነው። ለማንም አልተናገሩም፣ ለአባባ ብቻ። የሐኪሙን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ያነባሉ፣ ትልልቁን የኮምፒውተር ፊደል እንደ ምንም ይለያሉ። የመድኃኒት ፓኬት ግን የሕፃኑና የአዋቂው አንድ ዓይነት ነው፣ ልዩነቱ ጥጉ ላይ ያለችው ቁጥር ናት። ስለዚህ አባባ መላ ፈጠረ። ሐኪሙ ያዘዘውን ይጽፋሉ፣ ፓኬቱን ከመደርደሪያ አውርደው በባርኮድ ማንበቢያው ያሳዩታል። ፓኬቱ ከታዘዘው ጋር ካልገጠመ ከባንኮኒው ሥር ደወል ይሰማል፤ ብርጭቆ በማንኪያ እንደመንካት ያለ። ከገጠመ ምንም የለም።

«ዝም ካለ ልክ ነው ብዬ አስተማርኳት» አለ አባባ። «ሲደውል መልሺው፣ ዝም ሲል ስጪ።»

ወንድሜ ወደ አልጋው ጠጋ አለ። «አባባ፣ ምልክት አለ እኮ አሁንም። ሳይገጥም ሲቀር ቢጫ ምልክት ይወጣል።»

«ምን ታክላለች?»

ወንድሜ የትንሿ ጣቱን ጥፍር አሳየ። ይኼኔ እኔም ነገሩ ገባኝ። ሴትየዋ ዘፈን እየዘፈኑ ቤታቸው የገቡት ዝም ያለ ኮምፒውተር አምነው ነው።

ወዲያው ደወልኩ። «እትዬ፣ ለጊዜው ለማንም መድኃኒት አይስጡ» አልኩ። «ምነው?» አሉ። «እየመጣን ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

መድኃኒት ቤቱ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ መደርደሪያ ነው። አንድ የመጠበቂያ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከበሩ ጀርባ ሚዛን፣ ባንኮኒው ላይ የጥጥ ማሰሮና ነጭ ጋዋን የለበሱ እትዬ መድኃኒት። ጋዋኑ ሁሌም እንደተተኮሰ ነው። ሁለታችንን ባንድ ላይ ሲያዩን፣ ወይም ኮቴያችንን ሲሰሙ፣ መጀመሪያ ያሉት «አባትሽ ደህና አይደለም?» ነው። ይኼ አንጀቴን በላው። ወንድሜ መናገር ነበረበት፤ ምላሱን ዋጠ። ያ ሁሉ ምላስ! እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ደወሉ አዲሱ ላይ እንደሌለ፣ ከተቀየረ ጀምሮ እንዳልነበረ፣ ዝም ያለው ልክ ስለሆኑ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሲዞሩበት ይብሳል።

እትዬ መድኃኒት ማንበቢያውን ከእጃቸው አስቀመጡ። በባንኮኒው ዞረው ወጡና የበሽተኛ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«እጄ አልተመለሰም ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው ወንድሜን «ለማን ምን እንደሰጠሁ ይታወቃል?» ብለው ጠየቁት። ይታወቃል። ክላውዱ እያንዳንዷን ነገር ይዟል፤ የታዘዘውን፣ የተሰጠውን፣ የሰውየውን ስልክ፣ አጠገቡም ያቺን ቢጫ ምልክት። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ አወጣው። «ብዙ ነው?» አሉ ከተቀመጡበት። ወንድሜ «አይደለም፣ እትዬ» አላቸው። ብዙ ነበር።

ልብ ለማንጠልጠል ብዬ አላቆያችሁም፤ የሞተ ሰው የለም። ስልኩን ለሁለት ተካፍለን ደወልን። አብዛኛው ሰው ገና ፓኬቱን አልከፈተም፤ ወይ ያገኘው ከታዘዘለት ያነሰ ነው። አንዳንዱ ሰደበን፣ አንዳንዱ አመሰገነን፣ ሁለቱም እኩል ያሳፍራል። አንዲት እናት ግን ስልኩን አንስታ «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ትተኛለች። ስቀሰቅሳት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትተኛለች» አለችኝ። ቢጫው ምልክት እዚያም ነበር፤ ለሕፃን የታዘዘ፣ የአዋቂ የተሰጠ። ወንድሜ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አልጠይቀውም። ልጅቷን አቅፎ ሆስፒታል የገባው እሱ ነው። እትዬ መድኃኒት ከኋላ ወንበር ከእናትየዋ ጎን ተቀምጠው «የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር፣ እናትየዋ ሳትጠይቃቸው፣ ደጋግመው።

ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ «በድሮው ቢሆን ልጅቷን በዚህ ፍጥነት አናገኛትም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። «በድሮው ቢሆን ፓኬቱ ከሱቅ አይወጣም ነበር» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ፊቱን አየሁና ተውኩት። ልጅቷ ነቃች። ውሃ ጠየቀች። እትዬ መድኃኒት ውሃውን ሊያቀብሉ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት፤ እናትየዋ ሰጠቻት።

ማታውኑ ወንድሜ ያንን የደመቀ ምስጋና ከድረ ገጹ ላይ አጠፋው። የሚስማሩ «ጥሩ ነው» ብቻዋን ቀረች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ መድኃኒት ቤታችን መጡ። የደረጃውን እጀታ ይዘው በቀስታ ወጡና ከአባባ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ሻይ ይዤ ገባሁ፤ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት መቀመጥ ትቷል። አባባና እሳቸው ለትንሽ ጊዜ ስለ ጀሶው አወሩ፣ ስለ ማሳከኩ። ከዚያ ድንገት፦

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደወሉ በፊት እየቀነሰ መጥቶ ነበር አይደል? መጀመሪያ ሰሞን ያስደነግጠኝ ነበር። ኋላ ኋላ እምብዛም አልሰማውም።»

አባባ የብርድ ልብሱን ጫፍ ማስተካከል ጀመረ።

«አልቀነሰም ነበር?»

«አልቀነሰም» አለ አባባ። «ጨምሯል። ድምፁን ነው የቀነስኩት። ደንበኛ እንዳይሰማብኝ ቀንስልኝ አልሽኝ፣ ቀነስኩ። ደግመሽ አልሽኝ፣ ደግሜ ቀነስኩ። በየሳምንቱ እየመጣሁ ስንቴ እንደደወለ አይ ነበር። ነግሬሽ አላውቅም።»

እኔ ደግሞ ስለ ሸሚዙ ስቀልድ! ሰውየው ሸሚዝ ቀይሮ የሚሄደው ያንን አይቶ ዝም ለማለት ነበር።

እትዬ መድኃኒት ሻዩን አማሰሉ፤ ስኳር ያልገባበትን ሻይ። «እኔም አውቀው ነበር ይሆናል» አሉ። «ሰው የማይፈልገውን ነገር ሳይነገረውም ያውቃል። እንድትነግረኝ ግን እፈልግ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ አባባ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ወንድሜን «ና ግባ» አለው። «አንተ ደወሉን ያጠፋኸው ሳታውቅ ነው። እኔ ግን እያወቅኩ ነው ሰው እንዳይሰማው ያደረግኩት። የአንተ ይሻላል።»

ወንድሜ ገባና እትዬ መድኃኒት እግር ሥር ቁጢጥ አለ። ደወሉን እንደሚመልሰው ነገራቸው። ለእሳቸው ብቻ፣ ለብቻው፣ ከፈለጉ ከአሮጌው የበለጠ የሚጮህ፣ ነገውኑ። የተከራየ ሰው ግድግዳ አያፈርስም ያለው ልጅ፣ ቤቱን ሁሉ ላፍርስልዎት እያለ ለመናቸው። እትዬ መድኃኒት ራሱን ዳበሱት።

«አይ ልጄ። የዚያችን እናት ፊት አይቻለሁ። እሱን ለማየት ዓይን አላነሰኝም።»

መድኃኒት ቤቱን ለሌላ ሰው አስረከቡ። ጋዋኑን አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ እንደከተቱት ሰማሁ። ለማን ብለው እንደተኮሱት እንጃ።

የቀረው ሂሳባቸውን ከክላውዱ ላይ መዝጋት ነበር። እሱ የኔ ሥራ ነው። ወንድሜ ሲሠራው ማንም ደንበኛ ምክንያቱን ሳይመርጥ እንዳይወጣ አድርጎታል፤ ለምን እንደሚለዩን ማወቅ ስለሚፈልግ። ሳይመረጥ አይዘጋም፣ የፈለገውን ያህል ቢጫኑት። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንዱን መምረጥ አለብዎት። ላንብብልዎት?»

«አንብቢልኝ።»

«ዋጋው ተወደደብኝ። አጠቃቀሙ ከበደኝ። ሌላ የተሻለ አገኘሁ። የሚያስፈልገኝን ነገር አጣሁበት።» ዝርዝሩ እዚህ ላይ አለቀ። ሥራዬን ዘጋሁ የሚል የለም፤ ወንድሜ ሲያዘጋጀው ሰው ሥራውን ይዘጋል የሚል ሐሳብ አልመጣለትም።

«ይኼን ማን ነው የሚያየው?» አሉ እትዬ መድኃኒት።

«ወንድሜ ነው። በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።»

ከኋላቸው የራዲዮ ድምፅ ይሰማል።

«ተወደደብኝ በይው» አሉ።

«እትዬ...»

«በይው፣ የኔ ልጅ። ተጫኚው።»

ተጫንኩት።

የወሩ መጨረሻ ላይ ወንድሜ ከፊቴ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ሪፖርቱን ከፈተ። አዲስ የገቡ አሉ፣ የወጣ አንድ ደንበኛ አለ። ምክንያቱን አነበበና ቆመበት። ሻዩን ሊያነሳ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እሳቸውን እኮ ኪራይ አስከፍለናቸው አናውቅም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ላፕቶፑን ሳይዘጋው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ተነስቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ። ሚስማሩ ነበር፤ አላነሳሁትም።